ሁለት ዓመት ክፍት የነበረው በር

የታሊኑ የጠዋት መርከብ ሄልሲንኪ ወደብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሜሪኬ እንደ ልማዷ ተቀባዮች ከሚቆሙበት ፈንጠር ብላ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ባሏን የናፈቀች ሴት ከፊት ትቆማለች፣ አንገቷን ታሰግጋለች። እሷ ግን ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የምትሆነው። ግሌብ ሳያያት ቀድማ ልታየው ትፈልጋለች፤ ፊቷን ለማሰናዳት ጊዜ ያስፈልጋታል።

እንዲህ ፊቷን ስታሰናዳ ሁለት ዓመት ሆናት።

ግሌብ የናርቫ ልጅ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ሩሲያ ከሚጀምርበት፣ ከኤስቶኒያ ዳርቻ። ሁለቱንም አገሮች ይገዛ የነበረው የድሮው መንግሥት ሲፈርስ እንደ ብዙዎቹ የከተማው ሩሲያኛ ተናጋሪዎች እሱም የየትኛውም አገር ዜጋ ሳይሆን ቀረ፤ በዜግነት ፋንታ ግራጫ ሽፋን ያለው ፓስፖርት ተሰጠው። ሜሪኬ ደግሞ ከመሃል አገር፣ ከቪልያንዲ የመጣች ኤስቶኒያዊት ነርስ ናት። ናርቫ ሆስፒታል በተመደበች በመጀመሪያው ክረምት የፋብሪካ በያጅ የሆነው ግሌብ መዳፉን እሳት ልጦት መጣ። ቁስሉን እያጠበች ሲያምህ ንገረኝ ብትለው፣ "አመመኝ ካልኩሽ ቶሎ ጨርሰሽ ትሸኚኛለሽ፤ ዝም ብል ይሻለኛል" አላት። በዚያው ዓመት ተጋቡ። የሜሪኬ እናት ሳልሜ ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ሳልሜ ገና በሕፃንነታቸው የዚያው መንግሥት ሩሲያኛ ተናጋሪ ወታደሮች ከነወላጆቻቸው በጭነት ባቡር ጭነው ሳይቤሪያ የወሰዷቸው ሴት ናቸው፤ አባታቸው ከዚያ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲያ ሩሲያኛ ከሚናገር ሰው ጋር ማዕድ ቀርበው አያውቁም። ልጃቸው እንዲህ ያለውን ሰው ካገባችበት ቀን ጀምሮም ስልኳን አያነሱም ነበር።

በናርቫ ቅይጥ ትዳሮች ሁሉ ማንም ያልደነገገው አንድ ደንብ አለ፤ ከመንግሥት የሚመጣውን ሁሉ የሚያነበው ኤስቶኒያዊው ወገን ነው። በእነሱም ቤት እንዲሁ ነበር። የግብር ማስታወቂያው፣ የመብራቱ፣ ከፋብሪካው የሚላከው፣ ግሌብ ፖስታውን ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ ያኖርላታል። ጫማውን እያወለቀ "ምን ይላል?" ይላታል። ያለችውን ያምናል። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሌላ ቢል እንኳ "ሚስቴ አንብባዋለች" ብሎ አፍ ያስይዛል።

ሜሪኬ ፖርቮ በምትባለው የፊንላንድ ከተማ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ስታገኝ፣ እሷ ቀድማ እንድትሄድና እሱ እንዲከተላት ተስማሙ። በሁለተኛው ሳምንት ለምዝገባ ቢሮ ቀረበች። እዚያ ያገኘቻት ሴት ቀና ሳትል ስለ ባሏ ጠየቀቻት። ሜሪኬ አፏ እየተያዘ ባሌ ግራጫ ፓስፖርት ነው ያለው ስትል፣ ሴትዮዋ ነገሩ ምንም እንደማይደንቅ ሁሉ አስረዳቻት። አንቺ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ነሽ፤ ባልሽ የያዘው ምንም ይሁን ምን አብሮሽ ይመጣል፣ ወይም ይከተልሻል፤ በመጣ ማግስትም ይሠራል፤ ነፃ ዝውውር ማለት እኮ ይኸው ነው አለቻት።

ሜሪኬ ይህን ለግሌብ ልትነግረው ከቢሮው ደረጃ እየሮጠች ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበሩ። ብቻሽን ፊንላንድ ገባሽ የሚል ወሬ ደርሷቸዋል።

"ብቻሽን ነሽ?" አሏት።

"ብቻዬን ነኝ" አለች፤ እውነትም ነበር፤ ያን ቀን።

"ተገላገልሽ፣ የኔ ልጅ" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። ሜሪኬ እናቷ ሲያለቅሱ ሰምታ አታውቅም። የለም እማዬ፣ ባሌ ይከተለኛል ማለት ነበረባት። አላለችም፤ እናቷም ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰዱት።

ያን ዕለት ማታ ለግሌብ ስትደውል፣ ለባለ ግራጫ ፓስፖርት ለጉብኝት እንጂ መጥቶ መኖር አይፈቀድም አሉ፣ መጠበቅ አለብን አለችው። ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር ያሰበችው፤ እናቷን እስክታለዝብ። ግሌብ ሕጉን ራስሽ አነበብሽው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። እንግዲያው እንጠብቃለን አለ። ከዚያ ጥቂቷ ቀን ወር ሆነች፣ ወሩም ዓመት። እናቷ በየቅዳሜው መደወል ጀመሩ። በሥራ ቦታዋም ስለ ሩሲያኖች ሲቀለድ ማንም እሷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ስለ ባሏ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነውና። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የብቻዋን ቤት በራሷ ቁልፍ ከፍታ መግባቱ፣ ለማንም ምንም ሳያነቡ መዋሉም ደስ ይል ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍራት ይኸኛው ነው።

ስለ ባሏ የምታውቀው ያች አንድ ሰው ቲዩ ናት፤ አዲሱን ቤት እስክትከራይ ድረስ አብራት የኖረች ኤስቶኒያዊት የፔርኑ ከተማ ልጅ፣ የመጦሪያው ወጥ ቤት ሠራተኛ። የቲዩ ባል ሚስቱ በሄደች በሳምንቱ አንዲት ሻንጣ ይዞ ተከትሏት ሶፋ ላይ ተኝቶ ቀርቷል። "የኔን ውሰጂና ያንቺን አምጪልኝ" ትላት ነበር ድንች እየላጠች። "ያንቺው ቢያንስ ያበይዳል። የኔ የሚያበይደው የቢራ ክዳን ብቻ ነው።" ትናንት ግን አልቀለደችም። ከኤስቶኒያዋ ኮትላ ያርቬ ከተማ የመጣች አንዲት ነርስ ግራጫ ፓስፖርት ያለውን ባሏን ማምጣቷን ነግራት ስታበቃ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"አንቺ ልጅ፣ ይኸን ነገር ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው" አለቻት። "ከሌላ ከሰማው አብራችሁ አትኖሩም፤ እኔ ልንገርሽ።"

የመርከቡ በር ተከፈተና መንገደኛው እየተጋፋ ይፈስ ጀመር። ግሌብ ከኋላ ካሉት መሃል ነበር፤ በአንድ ትከሻው ሻንጣ፣ በደረቱ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፏል። ጸጉሩን ተቆርጧል። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ቀረበና፣ አምስት ዓመት ሙሉ በሩሲያኛ ብቻ ያናገራት ሰው በኤስቶኒያኛ፣ አንድ አንድ ቃል እየለየ፣ የጋለ ብረት እንደሚጨብጥ ሰው እየተጠነቀቀ ተናገረ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ባለቤቴ። መንገዱ መልካም ነበር። ባሕሩም ጸጥ ብሎ ነበር።"

ሜሪኬ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ፍርሃት ፍርሃት አላት። ከየት ተማርከው ስትለው ቤት ስንደርስ አላት፤ ዓይኖቹ ግን ምስጢር መያዝ እንደማይችል ልጅ ይስቁ ነበር።

ወደ ፖርቮ በሚወስደው አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በረዶው ከማሳው ላይ ገና ጨርሶ አልለቀቀም። ግሌብ ስለ እናቷ ጤና ጠየቀ፤ ሁሌም ይጠይቃል። ስኳር በትራሱ ሥር ስለሚደብቀው ሽማግሌ፣ ስለ ቲዩና ስለ ሶፋው ባለቤት ጠየቀ፤ ስለ ሁሉም ያስታውሳል። እጇን ይዞ በተቃጠለው መዳፉ ውስጥ አኖረው። ሜሪኬ በመስኮቱ መስታወት ላይ ፊቱን ታየው ነበር። በቀጥታ ልታየው የምትደፍረው እሱ ሌላ ቦታ ሲያይ ብቻ ነው።

አዲሱን ቤት አይቶት አያውቅም። ሁለት ክፍል ነው፤ ከክረምቱ መጨረሻ ወዲህ ነው የገባችበት። በሩን ከፈተችና ግባ አለችው። ግሌብ ግን አልገባም። ሻንጣውን አወረደ፤ የታቀፈውን ጨርቅ ፈታ። ክብ ጥቁር ዳቦ ነው፤ በላዩ ላይ በትንሽ የሸክላ ዕቃ ጨው። በሁለት እጁ ዘርግቶላት፣ ደፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሜሪኬ ደነገጠች። በእሷ አገር ዳቦና ጨው ይዞ አዲስ ቤት የሚመጣ እንግዳ ነው። የቤቱ ሰው አይደለም። ባል የገዛ ቤቱን እንዲህ አይገባም። በእሱ ወገን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዳቦና ጨው ይዞ በር ላይ የሚቆመው ባለቤቱ ነው። በሠርጓ ቀን የግሌብ እናት እንዲህ ቆመው ተቀብለዋታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሚስቱ በር ላይ እንደ እንግዳ ከቆመ፣ አንድ ነገር ሊላት ነው፤ ከቤትሽ አውጥተሽኛል ሊላት ነው።

"ማን ነገረህ?" አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

"ምኑን?"

ግሌብ ዳቦውን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ አያት።

"የኤስቶኒያኛ መምህራችን ናት" አለ። "እኛ ዘንድ አዲስ ቤት ሲኬድ እንዲህ ነው አለችን። ተሳሳትኩ እንዴ?"

"አልተሳሳትክም" አለችና ዳቦውን ተቀበለችው። የያዛት ፍርሃት ለቀቃት። ወዲያውም በዚያ እፎይታ አፈረች፤ ከውሸቱ ይልቅ በእፎይታው አፈረች።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ግሌብ ዳቦውን ቆረሰ፣ ጨው ነሰነሰበት፣ ለእሷ መጀመሪያ ሰጣት። ከዚያ ነገራት። እሷ በሄደችበት መኸር ነው የጀመረው። ከፈረቃው በኋላ፣ እጁ ጥላሸት እንደሆነ፣ በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ክፍል ተቀምጦ ኤስቶኒያኛ ሲማር ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቀ። በመጀመሪያው ፈተና ፈታኟ ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ ስትለው ላብ አጥምቆት "ሚስት አለኝ፣ ሩቅ ናት" ብቻ ብሎ ወጣ። ለዜግነቱ ፈተና ሕገ መንግሥቱን አውቶቡስ ውስጥ ሸመደደው። በሦስተኛው አለፈ። የዜግነት ማመልከቻውም ጸደቀለት፤ የፊታችን አርብ ከከተማው አዳራሽ ሰርተፍኬቱን ይቀበላል።

"አልነገርኩሽም፣ ብወድቅ አይተሽ እንዳታዝኚብኝ" አለ። "ከአርብ በኋላ ግራጫ የለም። እንዳንቺው ነኝ። ማንም ቆይ አይለኝም።"

ሜሪኬ የያዘችውን ቁራሽ አስቀመጠች። "እናትህስ?" አለችው።

የግሌብ እናት ዚናይዳ ከወንዙ ማዶ፣ በሩሲያዋ ኢቫንጎሮድ፣ ከሟች ባላቸው መቃብር አቅራቢያ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከዚያ አልነቃነቅም ካሉም ቆይተዋል። ግራጫ ፓስፖርት አንድ ደግ ነገር አለው፤ ያለ ቪዛ ድልድዩን ያሻግራል። ግሌብ በየእሁዱ በእግሩ ተሻግሮ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፣ መስኮት ይወለውልላቸዋል። በግራጫው ፊንላንድ ቢገባ እንኳ በየወሩ እየመጣ መሻገር ይችል ነበር። የኤስቶኒያ ዜጋ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ መሻገሪያ ቪዛ ይለምናል።

ባለፈው እሁድ ለእናቱ ነግሯቸዋል። መጀመሪያ አለቀሱ፤ ከዚያ የባል ቦታ ከሚስቱ ጋር ነው ብለው ግንባሩን ስመው መረቁት። ይህን ሲነግራት ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። አስቦ፣ አልቅሶ፣ የጨረሰ ሰው ድምፅ።

ሜሪኬ በዚያች ቅጽበት መንገዱ ሁሉ ተገልጦ ታያት። እስከ አርብ ዝም ማለት ብቻ ነው። ከአርብ በኋላ ግሌብ በገዛ ፓስፖርቱ ይመጣል፤ ሕጉ ምን ይል እንደነበረ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ውሸቷ ማንም ሳይገልጠው ይቀበራል። የሚያስከፍለውም አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊትን ብቻ ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑም አስፈራት።

"አርብ አትሂድ" አለችው።

"ምነው?"

"አያስፈልግህም። መጀመሪያውኑም አያስፈልግህም ነበር።" በኤስቶኒያኛ ነበር የምትናገረው፤ ዓይኖቿ ጨው ዕቃው ላይ ነበሩ። "ባሌ ስለሆንክ መጥተህ መኖር ትችል ነበር፤ በግራጫውም። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነግረውኛል። አይፈቀድም ያልኩህ እኔ ነኝ እንጂ ሕጉ አይደለም።"

ግሌብ ቅንድቡን ሰብስቦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሎቹን እንደገና ለራሱ አላቸው።

"በሩሲያኛ ንገሪኝ" አለ በመጨረሻ፤ እንደ ይቅርታ ዓይነት ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር። "በትክክል የገባኝ አልመሰለኝም።"

እሷን ከሚጠረጥር የራሱን ኤስቶኒያኛ ጠረጠረ። ሜሪኬ ይህን ስታይ አንጀቷ ተቆረጠ። ያንኑ ነገር በሩሲያኛ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ፣ ደግማ ነገረችው። በዚህኛው ጊዜ ዓይኑን እያየች ነበር፤ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲጠፋም አየች።

ከውጭ በፖርቮ መሃል የሚያልፈው ወንዝ በረዶ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ግሌብ ጨው ዕቃውን ወደ ጎን ገፋ።

"ባልደረባዬ ዛኻር ነግሮኝ ነበር" አለ። "ፋብሪካው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ሚስቱ የሄደች ሰው መሄድ ይችላል አለኝ። ኮሌታውን ያዝኩት፣ ታውቂያለሽ? ሚስቴ ሕጉን በገዛ ቋንቋው አንብባዋለች፣ አንተ ምን ታውቃለህ አልኩት። ሳቀብኝ። እስከ ዛሬ አላናግረውም።"

"ግሌብ..."

"ለምን?"

ስለ እናቷ ነገረችው፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ ለቅሶው፣ መለያየታቸውን ሲያምኑ ዝም ስለማለቷ። ራሷን ለማዳን አልሞከረችም። ስለ ቁልፏና ስለ ብቸኝነቷም ጣዕም ነገረችው፤ ከሁሉ ይህ ከበዳት።

"ታፍሪብኝ ነበር?" አለ።

የለም ለማለት አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

"አዎ" አለች። "አንዳንድ ጊዜ።"

ግሌብ ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። የሚያስፈራ ደዌ እንዳለበት እየጠረጠረ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሰማ ሰው ይመስል ነበር። ተነሣ፤ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ አንዱን እጅጌ አጠለቀ።

ሜሪኬም ተነሣች። ልትይዘው አልደፈረችም። ስልኳን አንሥታ እናቷ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ መሃል አስቀመጠችው።

"ሜሪኬ?" አሉ ሳልሜ። ከጀርባቸው ሬዲዮ ይሰማል። "እኔ ልደውል ስል። ዛሬ ሥራ የለሽም?"

"እማዬ፣ ግሌብ እዚህ ነው።"

ሬዲዮው ተዘጋ።

"ምን ሊያደርግ?"

"ባሌ ነው፤ ሊያየኝ መጣ። ተለያይተን አናውቅም። ተገላገልሽ ስትዪኝ ዝም አልኩሽ፤ እስከ ዛሬም ዝም አልኩ። እሱንም መጥተህ መኖር አትችልም ብዬ ዋሽቼው ነው የቀረው።"

ሜሪኬ ስልኩን ይዘጉታል ብላ ጠበቀች።

"ሰውዬው ይሰማኛል አሁን?"

"ይሰማሻል። ኤስቶኒያኛ ተምሯል።"

ግሌብ አንድ እጅጌ ብቻ እንዳጠለቀ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ሳልሜ" አለ በዚያው ጥንቁቅ አነጋገሩ። "ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው። አሁን እሰማለሁ።"

"አነጋገርህ የናርቫ ነው።"

"የሌላ አገር አልሆን አለኝ።"

ሳልሜ እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው ያረጀ፣ ግን ከቅድሙ ዝግ ያለ ነበር።

"ልጄ አንተንም ዋሸችህ?"

"አዎ፣ እሜቴ።"

"እንግዲህ እኔና አንተ በአንድ ወገን ነን ማለት ነዋ" አሉ። "በዚህ ዕድሜዬ ይኸን አያለሁ አላልኩም።" ስልኩ ተዘጋ።

ሜሪኬ በዚያች ሰዓት የገባት፣ የምትወዳቸው ሁለቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተገናኙና የተገናኙትም በእሷ በደል እንደሆነ ነው። እሷ ብቻዋን ከማዶ ቀርታለች።

ወንዙ ዳር እስካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ አብራው ሄደች፤ ወደቡ ድረስ አትሸኚኝ ብሏታል። የቀኑ ብርሃን ገና ሙሉ ነበር። የቅዳሜ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ድልድዩ ላይ ቆመው የሚንሳፈፈውን በረዶ ያያሉ። ግሌብም ቆሞ ጥቂት አየው።

"አርብ ትሄዳለህ?" አለችው።

"አላውቅም። ነገ እናቴ ጋ እሻገራለሁ። የመረቀችኝን ምርቃት ምን እንደማደርገው እጠይቃታለሁ።"

"ወደዚህስ?"

ወደ እሷ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ አስተያየቱ ግን ቀጥ ያለ ነበር። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

"መምጣት መብቴ ነበር አልሽኝ" አለ። "እንግዲያስ አለመምጣትም መብቴ ነው፣ ሜሪኬ። ሁለት ዓመት አንቺ አንብበሽ ነግረሽኛል። ይኸኛውን ራሴ ልወቀው።"

"እሺ" አለች። እወድሃለሁ ልትለው ነበር፤ ግን ያ ቃል ከአፏ ሲወጣ እንደ ልመና እንደሚሰማ አወቀች፤ መልሳም ዋጠችው።

አውቶቡሱ መጣ። ግሌብ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳሳረፈ፣ ሳይዞር፣ "ስገባ እደውላለሁ" አለ። በተለያዩ ቁጥር የሚላት ይህንኑ ነው። አፉ ለምዶበት ይሁን ወይስ ልቡ አዝዞት አላወቀችም፤ ሮጣ ልትጠይቀውም አልቻለችም፤ በሩ ተዘግቷል።

ብትነግረው እንደሚቀልላት ታስብ ነበር። አልቀለላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸቷን የተሸከመው እሱ ነበር፤ ከፈረቃ በኋላ ባለው ክፍል፣ በፈታኟ ፊት፣ በዛኻር ሳቅ ውስጥ፣ እናቱን በተሰናበተበት እሁድ። እሷ የተሸከመችው መደበቁን ብቻ ነው። ዛሬ የውሸቱ ክብደት ወደ እውነተኛ ባለቤቱ፣ ወደ እሷ፣ ተመለሰ። ደረቷ ላይ ሲያርፍ ያማል፤ የራሷ መሆኑን ግን ታውቀው ነበርና፣ ይውረድልኝ አላለችም።